13 ዓመት በሐበሻ፦ አስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ)



የሐበሻን ሂጅራ ታሪክ ያልሰማ ከመካከላችን የለም። በመድረሳ ኡስታዞቻችን ነግረውናል፣ በትምህርት ቤትም በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ በጥቂት መስመሮች አንብበነዋል። ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ ግን አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ይቆማል። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በንጉሡ ፊት ቆሞ ይናገራል፣ ከሱረቱ መርየም ያነባል፣ ነጃሺ ጺሙ እስኪርስ ያለቅሳል፣ የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታቸውን ተሸክመው አፍረው ይመለሳሉ። ከዚያ ታሪኩ ዘሎ መዲና ይገባል።

በዚያ ዝላይ ውስጥ 13 ዓመት ያህል ተውጦ ቀርቷል። ችሎት በጥቂት ቀናት ያልቃል፤ ከችሎቱ በኋላ ግን መኖር አለ። ልጅ መውለድ፣ ማሳደግ፣ መታመም፣ መቅበር፣ መዳር አለ። ፈቃድ ማግኘትና ቤት ማግኘት አንድ አይደሉም፤ ዶርም ቁልፍ ተቀብሎ የመጀመሪያውን ሌሊት ጣሪያ እያየ ያደረ ተማሪ ይህን ለማወቅ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ስለዚህ በዚህ እትም ያንን ዘመን ለማየት ከጃዕፈር ይልቅ ባለቤቱን አስማ ቢንት ዑመይስን (ረ.ዐ) ተከትለን ልንሄድ ወደድን።

አስማ የኸሥዐም ጎሳ ልጅ ናት። እናቷ ሂንድ ቢንት ዐውፍ በአማቾቿ ምክንያት በታሪክ ስሟ የሚነሳ ሴት ናት። ከሴት ልጆቿ መይሙና ኋላ ላይ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ሆናለች፣ ኡሙል ፈድል ሉባባ ለዐባስ፣ ሰልማ ለሐምዛ ተድረዋል። አስማ ደግሞ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) የአጎት ልጅ ጃዕፈርን አገባች። ሁለቱም ኢስላምን የተቀበሉት ገና በማለዳው፣ ሙስሊሞች በአርቀም ቤት ተሸሽገው መሰብሰብ ሳይጀምሩ ነው።

በመካ የሚደርሰው ግፍ ሲበረታ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸውን ባሕሩን ተሻግረው ወደ ሐበሻ እንዲሄዱ መከሯቸው፤ ምክንያታቸውም እዚያ ባለው ንጉሥ ዘንድ ማንም የማይበደል መሆኑ ነበር። ይህ የሆነው በነቢይነታቸው 5ኛ ዓመት፣ በ615 ገደማ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ 11 ወንዶችና 4 ሴቶች ከሹዐይባ ወደብ በግማሽ ዲናር የመርከብ ኪራይ ተሻገሩ። አስማና ጃዕፈር የነበሩበት ቀጣዩ ጉዞ ግን ከዚህ የሰፋ ነበር፤ ወንዶቹ ብቻ ከ80 ያላነሱ ናቸው፣ ሴቶችና ሕፃናትም አብረው ነበሩ። አስማ ያኔ ወጣት ሙሽራ ነበረች። ከአገሯ ስትወጣ ከባሏ በቀር ይህ ነው የሚባል የቅርብ ዘመድ አብሯት አልነበረም።

ስለ ችሎቱ ብዙ አንልም፣ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ዐምር ኢብኑል ዓስና ባልደረባው ለነጃሺና ለመኳንንቱ ያመጡት ስጦታ ቆዳ ነበር። ከመካ ወደ ሐበሻ ከሚመጣ ዕቃ ሁሉ ንጉሡ ዘንድ ተወዳጁ የለፋ ቆዳ እንደነበረ ዘጋቢዎቹ ይናገራሉ። ይህን ቆዳ ያዙልን፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ነጃሺ ስጦታውን መልሶ ስደተኞቹ በአገሩ ያለ ስጋት እንዲቀመጡ ከፈቀደ በኋላ የአስማ እውነተኛ የሐበሻ ኑሮ ጀመረ። ሦስት ወንዶች ልጆችን የወለደችው በዚህ ምድር ነው። የመጀመሪያው ዐብዱላህ ይባላል፤ በሐበሻ ምድር ለሙስሊሞች የተወለደ የመጀመሪያው ልጅ እንደሆነ ይነገርለታል። ቀጥሎ ሙሐመድ፣ ከዚያም ዐውን ተወለዱ። አያት በሌለበት፣ እናት ለማረስ በማትመጣበት አገር ሦስት ጊዜ መታረስ ምን እንደሆነ እናቶቻችንን ብንጠይቃቸው ይነግሩናል።

የቁረይሽን የዘር ሐረግ ከጻፉት ሊቃውንት የተላለፈ አንድ ዘገባ አለ። ዐብዱላህ ከተወለደ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነጃሺም ወንድ ልጅ ተወለደለት። ንጉሡ ወደ ጃዕፈር ልኮ የልጁን ስም አስጠየቀ፤ ዐብዱላህ መሆኑን ሲሰማ የራሱንም ልጅ ዐብዱላህ አለው። አስማም የንጉሡን ልጅ ተቀብላ ከራሷ ልጅ ጋር እያፈራረቀች እስኪጥል ድረስ አጠባችው፤ በዚህም በቤተ መንግሥቱ ሰዎች ዘንድ ትልቅ ክብር አገኘች። በሸሪዓ የጡት ዝምድና ምን ያህል እንደሚከብድ በፊቅህ ትምህርታችን ተምረናል፤ በአገራችንም ልማድ የጡት ልጅ ማለት ቀላል ቃል አይደለም። ስደተኛዋ ሴት በዚያ አገር ዘመድ የሌላት ሆና ገብታ በራሷ ጡት ዘመድ አበጀች ማለት ነው።

ስደተኞቹ ከአገሬው ጉዳይ ተነጥለው የተቀመጡም አልነበሩም። አንድ ጊዜ በነጃሺ ላይ ሥልጣኑን ሊነጥቀው የመጣ ባላንጣ ተነሣ። በወቅቱ እዚያው የነበረችው እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንደተረከችው፣ ያን ቀን የደረሰባቸው ሐዘንና ጭንቀት ከዚያ በፊት ያልቀመሱት ዓይነት ነበር። አዲሱ ሰው ቢያሸንፍ መብታቸውን ነጃሺ እንዳወቀላቸው ያውቅላቸዋል ማለት አይቻልምና። ጦርነቱ ከወንዝ ማዶ ስለነበር ወሬ የሚያመጣ ሰው አስፈለገ። ከሁሉም በዕድሜ ትንሹ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም ፈቃደኛ ሆነ። በአየር የተነፋ አቁማዳ ደረቱ ላይ አስረውለት ወንዙን ዋኝቶ ተሻገረ፤ የቀሩት ለነጃሺ ድል ዱዓ ሲያደርጉ ቆዩ። ዙበይር ከሩቅ ልብሱን እያውለበለበ የንጉሡን ማሸነፍ ሲያበስራቸው ደስታቸው ወደር አልነበረውም። በእኛ እይታ የሰው አገር ወደ ቤትነት የሚቀርበው እንዲህ ባለ ቀን ነው፤ የአገሩ ጭንቀት የራስህ ጭንቀት ሲሆን።

ሠርግም ነበር። በስደት ላይ ባሏን ያጣችው የአቡ ሱፍያን ልጅ ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የታጨችው እዚያው ሐበሻ ሆና ነው። ኒካሑን ያሰረው ነጃሺ ራሱ ነበር፤ 400 ዲናር መህርም ከራሱ ከፈለ፣ ለተሰበሰቡትም ግብዣ አደረገ። ቋንቋውም ቢሆን ከልጆቹ አፍ ጋር ባሕር ተሻግሮ ሄዷል። ኋላ ሐበሻ የተወለደችው ትንሿ ኡሙ ኻሊድ መዲና ስትገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያለበት ልብስ አልብሰዋት ማማሩን የገለጹላት በዐረብኛ ሳይሆን በሐበሻ ቃል እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። ቃሉ ሰናህ ነው። ግዕዝ የሚያውቅ ጓደኛ ያለው ሰው ሠናይ የሚለውን ቃል ትርጉም ይጠይቀው።

ዓመታት አለፉ። በ622 ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና ተሰደዱ፣ መስጂድ ተሠራ፣ ማኅበረሰብ ተመሠረተ፣ በድርና ኡሑድ ተካሄዱ። ከሐበሻ ስደተኞች ገሚሶቹ ቀደም ብለው ተመልሰው ነበር። ጃዕፈርና አስማ ግን ከቀሩት ጋር ቆዩ። ወገኖቻቸው ሁሉ ታሪክ በሚሠሩበት ጊዜ ከባሕር ማዶ ወሬ እየጠበቁ መኖር የራሱ ፈተና አለው። ከቤት የስልክ ጥሪ ሲመጣ ዘመድ ተዳረ፣ ዘመድ ሞተ ሲባሉ የሚሰማው ዓይነት ስሜት ነው፣ እኛ በወራት እንለካዋለን፣ እነሱ በዓመታት።

በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በ628፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዐምር ኢብን ኡመያን ወደ ነጃሺ ላኩ። ንጉሡም የቀሩትን ስደተኞች በሁለት መርከቦች አሳፍሮ ሸኛቸው። በነፋስ ተገፍተው ሐበሻ ገብተው የነበሩት እነ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪም አብረዋቸው ተጓዙ። ሲደርሱ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ያገኟቸው ኸይበር በተከፈተችበት ጊዜ ነው። ጃዕፈርን በዓይኖቹ መካከል ስመው፣ በኸይበር መከፈት ይሁን በጃዕፈር መምጣት የበለጠ እንደተደሰቱ መለየት እንዳቃታቸው ተናገሩ።

አስማ ግን ከአቀባበሉ ቀጥሎ ሌላ ነገር ጠበቃት። አንድ ቀን እናታችን ሐፍሷን (ረ.ዐ) ልትጠይቅ ቤቷ ሄዳ ሳለ የሐፍሷ አባት ዑመር (ረ.ዐ) ገባ። ይህች ማን ናት ብሎ ጠየቀ። አስማ መሆኗ ሲነገረው ሐበሻዊቷ፣ የባሕሯ ሴት እሷ ናት እንዴ በሚል አነጋገር ጠራት። ቀጥሎም በሂጅራ እኛ ቀድመናችኋል፣ ለአላህ መልእክተኛም ከእናንተ ይልቅ እኛ እንቀርባለን የሚል ሐሳብ ተናገረ። 13 ዓመት በሰው አገር ቆይታ የተመለሰች ሴት ወገኖቿ ዘንድ ስትደርስ ስሟ ሐበሻዊቷ ሆኖ ጠበቃት። ውጭ አገር ቆይቶ የተመለሰ ዘመድ ያለው ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም፤ እዚያ መጤ፣ እዚህም መጤ።

አስማ ዝም አላለችም። ተቆጣች። እናንተ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ነበራችሁ፣ የተራበውን ያበሉላችሁ ነበር፣ የማያውቀውን ያስተምሩላችሁ ነበር፤ እኛ ግን በሩቅና በማይወዱን ሰዎች ምድር ነበርን፣ ያውም ለአላህና ለመልእክተኛው ስንል የሚል መልስ ሰጠችው። ጉዳዩን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሳታቀርብ ምግብም ውኃም እንደማትቀምስ ማለች። አቀረበችም፣ አንዲት ቃል ሳትጨምርና ሳትቀንስ። እሳቸውም ለዑመርና ለጓደኞቹ አንድ ሂጅራ፣ ለመርከቧ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ፈረዱ። ከዚያ በኋላ እነ አቡ ሙሳና የመርከቧ ሰዎች በቡድን በቡድን እየመጡ ያንን ፍርድ ከአፏ ደግማ እንድትነግራቸው ይጠይቋት ነበር። ከዱንያ ነገር እንደዚያ ያስደሰታቸው አልነበረም።

እዚህ ላይ እኛ የሐበሻ ልጆች አንድ ጊዜ ቆም ማለታችን አይቀርም። ምድራችንን የሩቆችና የማይወዱ ሰዎች ምድር አለቻት። በየፕሮግራሙ የነጃሺን እንግዳ ተቀባይነት ስናነሳ ኖረን ይህን ቃል ስናነብ ትንሽ ይቆረቁራል። ከመካከላችን አንዳንዶች ሊያለሰልሱት ይሞክራሉ። እኛ ግን ማለስለስ አያስፈልገውም እንላለን። ንጉሡ ፍትሐዊ መሆኑ፣ መኳንንቱ ግን ስጦታ ተቀብለው ስደተኞቹን አሳልፎ ለመስጠት መስማማታቸው ሁለቱም በዚያው ታሪክ ውስጥ ተጽፈዋል። በአንድ አገር ተከብረህም፣ የንጉሥ ልጅ አጥብተህም፣ የሚሉህ ያልገባህና ማን እንደሚጠላህ ያላወቅህባቸው ብዙ ቀናት ይኖራሉ። አስማ ስለ ሐበሻ ጠቅላላ አስተያየት እየሰጠች አልነበረም፤ የከፈለችውን ዋጋ እየቆጠረች ነበር። የተጠየቀችውም ይህንኑ ነው።

ሐበሻ ውስጧ ምን ያህል እንደገባ ለማወቅ ቃሏን ትተን እጇን ማየት ይሻላል።

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ መዲና ከገቡ አንድ ዓመት ተኩል እንኳ ሳይሞላ፣ ጃዕፈር በሙእታ ጦርነት ሸሂድ ሆነ። ያን ቀን ጠዋት አስማ 40 ቆዳ አልፍታ፣ ሊጥ አቡክታ፣ ልጆቿን አጥባና ቅባት ቀብታ ጨርሳ ነበር። ያ ንጉሥ ይወደው የነበረው ቆዳ እንዴት ባለ ድካም እንደሚለፋ የምታውቅ ሴት ነበረች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤቷ ገብተው የጃዕፈርን ልጆች እንድታመጣላቸው ጠየቁ፣ አቅፈው አሸተቷቸው፣ ዓይኖቻቸውም እንባ አቀረሩ። ከዚያ ገባት። ጮኸች፣ ሴቶችም ተሰበሰቡላት። ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው ያዘዙት ያኔ ነው፤ ሰዎቹ ራሳቸውን ከመርዳት የሚያግዳቸው ሐዘን ደርሶባቸዋልና። እናቶቻችን ለቅሶ ቤት ምግብ ይዘው ሲሄዱ የሚከተሉት ሱና መነሻው የዚህች ሴት ቤት ነው።

ከዒዳዋ በኋላ አቡበክር (ረ.ዐ) አገባት። በ10ኛው ዓመት ለሐጀቱል ወዳዕ ሲወጡ ዙልሑለይፋ ላይ ሙሐመድን ወለደች፤ ታጥባ ኢሕራም አድርጋ ጉዞዋን እንድትቀጥል ታዘዘች። ዛሬ የወለደች ሴት ስለ ኢሕራም ስትጠይቅ መልሷን የምታገኘው ከአስማ ነው። አቡበክር በ13ኛው ዓመት ሲሞት ጀናዛውን እንድታጥብ የተናዘዘውም ለእሷ ነበር፤ ብርዱ በበረታ ቀን፣ ጾመኛ ሆና አጠበችው።

አሁን ስለ ሐበሻ ወደምንለው እንምጣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጨረሻ ሕመማቸው ራሳቸውን በሳቱበት ጊዜ ሴቶቹ ተማክረው በአፋቸው ጎን መድኃኒት አንቆረቆሩላቸው። ከመካሪዎቹ አንዷ አስማ ነበረች። ሲነቁ መድኃኒቱን ወዲያው ለዩት፤ በእጃቸው ወደ ሐበሻ አቅጣጫ እየጠቆሙ ከዚያ የመጡ ሴቶች ሥራ መሆኑን ተናገሩ። አልወደዱትም፣ ቤት ውስጥ የነበሩትም ከአጎታቸው ከዐባስ በቀር ሁሉም ያንኑ መድኃኒት እንዲቀምሱ አደረጉ። ታሪኩን የምናነሳው የአስማን ሙያ ለማሞገስ አይደለም። የሚወዱት ሰው ሲታመም እጅ የሚዘረጋው ወደሚያውቀው ነገር ነው፤ የአስማ እጅ የተዘረጋው ሐበሻ ወዳየችው ነበር።

ሁለተኛው በዚያው ዓመት የሆነ ነው። የነቢዩ ልጅ ፋጢማ (ረ.ዐ) መሞቻዋ ሲደርስ አንድ ነገር አስጨነቃት። በዚያን ጊዜ የሴት ጀናዛ በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ ይደረግና ልብስ ይጣልበት ነበር፤ የገላ ቅርጽ ከላይ ይታያል። ይህን ለአስማ አጫወተቻት። አስማ ሐበሻ ሳለች ያየችውን ነገረቻት፤ ከዚያም እርጥብ የተምር ቅርንጫፎች አስመጥታ እያጎበጠች በቃሬዛው ላይ እንደ ቅስት አቆመቻቸውና ከላይ ልብስ ጣለችበት። ፋጢማ ወደደችው፣ ለራሷም እንዲህ እንዲደረግላት ጠየቀች። አስማ ከዐሊ (ረ.ዐ) ጋር ሆና አጠበቻት፣ በዚያ ቃሬዛም ወጣች። ይህ ዓይነት ቃሬዛ ከዚያ ወዲህ በሙስሊም ሴቶች ጀናዛ ላይ የተለመደ ሆነ። በነገራችን ላይ ስለ ቅስት ስንማር የምናሰላው የሸክም ጉዳይ ብቻ ነው፤ ቅስት የሰውን ሐፍረት ሊሸከም እንደሚችል ከዚህ ታሪክ በፊት አስበን አናውቅም።

ዑመርን በተመለከተ ነገሩ በቂም አልቀረም። ኸሊፋ ሆኖ ለሰዎች ከበይተል ማል ድርሻ ሲመድብ ለቀደምት ስደተኛ ሴቶች ለእያንዳንዳቸው 1000 ዲርሃም ወሰነ፤ በስም ከተጠቀሱት መካከል አስማ ቢንት ዑመይስ አለች።

ከአቡበክር በኋላ ያገባት ዐሊ ነው። አንድ ቀን የጃዕፈር ልጅ ሙሐመድና የአቡበክር ልጅ ሙሐመድ የማን አባት ይበልጣል እያሉ ተፎካከሩ። ዐሊ ፍርዱን ለእናታቸው ተወ። እሷም ከወጣት ከጃዕፈር የተሻለ፣ ከጎልማሳም ከአቡበክር የተሻለ ዐረብ እንዳላየች ፈረደች። ዐሊ ለኛ ምንም አላስቀረሽልንም ብሎ እንደቀለደ ይተረካል።

በሐበሻ የተወለደው ዐብዱላህ መዲና ላይ አደገ፣ በልግስናው ብዛትም የቸርነት ባሕር የሚል ቅጽል ወጣለት። የሞተው በ80 ዓመተ ሂጅራ፣ መዲና ውስጥ ነው።